ጠያቂ የላቸውም

የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ዛሬም እንጀራዬ እዚያው ነው። የወንዶች መኝታ ክፍል ነርስ ነኝ። የምጽፈው ስለ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነው፤ ከአልጋቸው አንስቼ ለማላምነው ሰው ስለሰጠኋቸው። «ሰጠኋቸው» ስል አፌን ይመረኛል። ግን ሰው እንደ ዕቃ በፊርማ ርክክብ ሲደረግበት ሌላ ምን ይባላል?

ሽማግሌው የመጡት ከይጁቤ ወዲያ ካለ ገጠር ነው። ደም ግፊት ጥሏቸው ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል፤ አንደበታቸውም ተይዟል። ሴት ልጃቸው ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአልጋቸው ሥር እየተኛች አስታማቸዋለች። እኔ ያኔ የዓመት ፈቃድ ላይ ስለነበርኩ አላየኋትም። ሰኞ ሥራ ስገባ ሽማግሌው ብቻቸውን ናቸው። እግራቸው ተሰብሮ አጠገባቸው የተኙ አንድ ቄስ፣ ልጅቷ ገብሱ ሳይረግፍባት ልታጭድ ቅዳሜ ከገበያተኛው ጋር እንደሄደች፣ በሚመጣው ቅዳሜም እንደምትመለስ ነገሩኝ። ከዚያ አገር መኪና የሚገኘው በገበያ ቀን ብቻ ነው። ይህን ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። የገበሬ ልጅ ነኝ፤ የገዛ አባቴ ሆስፒታል ሲተኛ እኛም ሄደን የጠየቅነው በገበያ ቀን ነው።

ምን ዋጋ አለው፣ አልጋ ጠበበ። በሽተኛ ኮሪደር ላይ ተነጥፎለት ይተኛል፤ ሐኪሙም ጠዋት ጠዋት ሽማግሌው አልጋ አጠገብ ይቆምና ሕክምናቸው አልቆ ለምን እንደሚተኙ ይጠይቀኛል። አሠራራችን ደግሞ ይሄ ነው፦ ሦስት ቀን ሰው ካልመጣለት መዝገቡ ላይ «ጠያቂ የለውም» ይጻፍበታል። እሱ ከተጻፈ፣ ከተማው ዳር ግቢ ተከራይቶ ጧሪ የሌላቸውን እሰበስባለሁ ለሚል ሰውዬ ይደወላል። ሰውዬው ነጠላውን አጣፍቶ ባጃጅ ይዞ ከች ይላል። ፈቃድ የለውም። እንደሌለው ከዘበኛው እስከ ሐኪሙ ሁላችንም እናውቃለን። አንዴ በስብሰባ ላይ አንስቼው ነበር። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ገፋው፣ ያኛው መልሶ ወደዚህ ገፋው፣ እኔም አርፌ ተቀመጥኩ።

ረቡዕ ዕለት መዝገቡን ሳብ አድርጌ «ጠያቂ የላቸውም» ብዬ ጻፍኩ። ቄሱ እያዩኝ ነው።

«ልጄ፣ ቅዳሜ እኮ ሩቅ አይደለም» አሉኝ።

ስንቱ ቅዳሜ እመጣለሁ እያለ ጥሎ እንደጠፋ ነገርኳቸው። እውነቴን ነው፣ ብዙ ሰው ጠፍቷል። ቢሆንስ፣ እሷ ምን አጠፋች?

በዚያው ቀን ሰውዬውና ባለባጃጁ መጥተው ሊያነሷቸው ሲሉ ሽማግሌው በደህናው እጃቸው የአልጋውን ብረት ጭብጥ አደረጉ። የገበሬ እጅ ነው፤ ሁለት ሰው ታግሎ አቃተው። ያስለቀቅኩት እኔ ነኝ። «አባባ፣ ይልቀቁ እንጂ፤ ደህና ቦታ እኮ ነው የሚሄዱት» እያልኩ ጣታቸውን አንድ በአንድ ፈለቀቅኩት። ዐይናቸው በር በሩን ያያል። መናገር ቢያቅታቸው መስማት ይሰማሉ፤ ልጃቸው ቅዳሜ እመጣለሁ እንዳለች ከማናችንም በላይ ያውቁ ነበር። ለሰውዬው የመውጫ ወረቀታቸውን ሰጠሁት። ቀና ተደርገው በትንሽ በትንሹ በማንኪያ ካልሆነ ምግቡ ወደ ሳንባቸው እንደሚሄድ በደንብ አድርጌ ጽፌበታለሁ። በእንግሊዝኛ ነው የጻፍኩት። ሁልጊዜም የምንጽፈው እንደዚያ ነው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ልጅቷ መጣች። እንዳለችው መጣች። አንድ ቋጠሮ በሶና አዲስ ጋቢ ይዛለች። በአባቷ አልጋ ላይ ሌላ ሰው ስታይ የሞቱ መስሏት ጮኸች። ቄሱ አልሞቱም ብለው አረጋጓትና በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቷት። ፊታቸውንም ከእኔ አዞሩ። መዝገቡ ላይ የጻፍኩትን ሳልነግራት፣ አስፈቅጄ ወደ ሰውዬው ግቢ በባጃጅ ይዣት ሄድኩ።

ግቢው ውስጥ ሰውዬው የለም። ወለሉ ላይ ፍራሽ ከፍራሽ ተጠጋግቶ ተነጥፏል፣ ሽታው አያስቆምም። ያን ሁሉ ሕመምተኛ የምትጠብቀው አንዲት የደከማት ሴት ናት። ነገሩን ሳትሸሽግ ነገረችን። ሐሙስ ዕለት አጥሚት ስታጠጣቸው ትን አላቸው፣ ከዚያ ትንፋሻቸው አልመለስ አለ፣ ዓርብ ጠዋት አረፉ። ጠያቂ የላቸውም ስለተባለ ማንም ሳይጠበቅ ያኔውኑ ተቀበሩ። እንዴት አድርጋ እንዳጠጣቻቸው ጠየቅኳት። በጀርባቸው እንደተኙ ነዋ፣ ብቻዬን ማን ያነሳልኛል አለች። ወረቀቴ እኔ እንዳጠፍኩት ፍራሹ ሥር ተቀምጧል። አፈር በበላሁ!

ከወራት በኋላ ፈቃድ ለሌለው ማቆያ በሽተኛ እንዳይሰጥ የሚል ደብዳቤ መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ርክክብ የሚፈረምበት ቅጽ ላይ «የፈቃድ ቁጥር» የሚል መስመር ተጨመረበት። መስመሩ ላይ ምን እየተባለ እንደሚሞላ ላውራ? «በሂደት ላይ»። ባጃጁም እንደ ድሮው ይመጣል። እኔ ያን ቅጽ አልፈርምም ብያለሁ፤ ስለዚህ ጓደኛዬ ትፈርመዋለች። ጀግና ሆንኩ ማለት ነው።

ያን ቅዳሜ ከግቢው ወጥተን ወደ መቃብሩ ሄድን። ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ጥግ ላይ ያለ ምልክት የሌለው የአፈር ክምር ነው፤ አንድ ሰው ጠቁሞ አሳየን። ንስሐ አባታቸው አልቆሙ፣ አገራቸው አልሰማ፣ አልቃሽ አላለቀሰ። ልጅቷ ጋቢውን ዘርግታ አፈሩን አለበሰችው። ከዚያ አጠገቡ ቁጭ አለች። ብዙ ካለቀሰች በኋላ ቀና ብላ አየችኝ።

«እህቴ፣ አባቴ ሲወጣ እንዴት ነበር? ፈርቶ ነበር?»

«አልፈሩም። እሺ ብለው ነው የሄዱት» አልኳት።

«ተመስገን። አንቺ እንኳ ነበርሽለት። እኔ ሳልኖር ጠያቂ ሆነሽዋልና እግዜር ይስጥሽ» አለችና የበሶውን ቋጠሮ ዘረጋችልኝ።

ተቀበልኳት። የአባቷን ጣት አንድ በአንድ በፈለቀቅኩበት እጄ ተቀበልኳት።