ያልተነካው ክር

ያ የጊታሬ ዋይታ በጠቅላላው ያስወጣኝ አንድ ደህና ብስክሌት ነው። በብስክሌቷ ዋጋ አዲስ ክር፣ አዲስ ገመድና የአንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ምሳ ተገዝቷል።

ባለፈው እሑድ ሐይቁ ዳር ሰርግ ተጠርቼ ነበር። ሰው ሁሉ ሙሽሮቹን ሲያይ፣ እኔ ቤዝ ጊታር የሚመታውን ወጣት ግራ እጅ እያየሁ ቀረሁ። በምትና በምት መካከል ያለው ዝምታ ጥርት ያለ ነበር።

በሱ ዕድሜ ሳለሁ ከአባቴ የእህል መጋዘን ሸሽቼ፣ ከመራዊ ባሕር ዳር ገብቼ፣ በአንድ ትንሽ ባንድ ቤዝ እመታ ነበር። ወሩ ጥር፣ ሰርግ በየሰፈሩ። ጊታሬ ግን አመል አወጣ። ወፍራሙን ክር መትቼ በጣቴ ሳፍነው አንድ ድምፅ አልሞት ብሎ "እንንን" እያለ ይቀራል፤ ከሚቀጥለው ምት ጋርም ይጋጫል።

"ስማ ወንድሜ፣" አለኝ የባንዱ አለቃ ታፈረ፣ "ቅዳሜ ሰርግ አለብን። ይህ ለቅሶ እስከዚያ ካልጠፋ፣ መራዊ ተመልሰህ ከአባትህ ጋር ጤፍ ስፈር።"

ያኔም የነጋዴ ጭንቅላት ነበረኝ፤ የተበላሸ ነገር ሁሉ ዕቃ የጎደለው ይመስለኛል። ብስክሌቴን ለአንድ የሰባታሚት ሰው ሸጥሁና ክር ለወጥሁ። ዋይታው በአዲሱ ክር እንዲያውም አማረበት። ከድምፅ ማጉያው የሚያገናኘውን ገመድም ለወጥሁ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ደግሞ ጊታሩን ፈታ፣ አሸተተ፣ ገጠመ፤ ምሳውን በልቶ ሄደ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግቢው ማንጎ ሥር ተቀምጬ ስታገል፣ የአከራዬ የእትዬ ዘውዴ ወንድም አጠገቤ ነበሩ። የኔታ እንላቸዋለን፤ በገና ደርዳሪ ናቸው። ጥርሳቸውን ሊታከሙ ከደልጊ በኩል ሐይቁን በጀልባ ተሻግረው የመጡ። ጆሯቸው ከከዳቸው ቆይቷል። የሽንብራ እሸት እየፈለፈሉ ጣቶቼን ያያሉ።

"ምን ሆኖብህ ነው ፊትህን የምታኮማትር?"

"ሌላ ድምፅ ይወጣል የኔታ!" ጮህሁ። "ያልነካሁት!"

"ያልነካኸውማ ነው የሚጮኸው።"

እትዬ ዘውዴ የሣር መሶብ ይሰፉ ነበር። የኔታ ከሳቸው አንድ ሰንደዶ ወስደው አራት ቦታ ቆረጡ፤ ቁራጮቹን አጥፈው በአራቱ ክሮች ላይ እንደ ኮርቻ አስቀመጡ።

"ምታ።"

ወፍራሙን ዋይታው በሚወጣበት ቦታ ይዤ መታሁ። የሱ ሰንደዶ ተፈናጠረ፤ ይህ አይገርምም። ሁለቱ ቀጫጭን ክሮች ላይ ያሉት ንቅንቅ አላሉም። ከወፍራሙ ቀጥሎ ባለው ላይ ያለው ግን፣ እጅ ሳይነካው፣ ነፋስ ሳይኖር፣ ተንቀጠቀጠ፣ ዘለለና ወደቀ።

መልሼ አስቀመጥሁት። ጣቴን ፈቀቅ አድርጌ ሌላ ድምፅ መታሁ፤ ሰንደዶው ባለበት ቀረ። ወደ ቦታው ስመለስ ዘለለ። ያን ያህል ቀን በጆሮዬ ያጣሁትን ጆሮ የከዳቸው ሰው በዓይናቸው አገኙት።

"ሁለቱ አንድ ድምፅ ናቸው፣" አሉ። "አንዱን ስትጠራ ሌላውም አቤት ይላል። በገናም ላይ አለ።"

"ታዲያ ምን ልግዛ?"

"ምን ትገዛለህ! ጣት የለህም? ሥራ የፈታውን ያልተነካው ክር ላይ አሳርፍ። እንዳትጫነው! እንደተኛ ሕፃን ዳሰስ አድርገው።"

ዳሰስሁት። መታሁ፣ አፈንሁ። ዝም አለ። እትዬ ዘውዴ ከስፌታቸው ቀና ብለው፣ "እሰይ! ሞተች ያቺ ንብ?" አሉ።

ቅዳሜ ተጫወትሁ። ታፈረ የሚቀጥለውን ሰርግ ቀን ነገረኝ፤ ከሱ አፍ ይህ ምስጋና ነበር። የኔታ ግን ሰኞ ጥርሳቸውን አስነቅለው እኔ ሳላውቅ በጀልባ ተሳፍረው ሄዱ፤ በወጉ እንኳ አላመሰገንኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ገዝቼ ብዙ ሸጫለሁ፤ የሚያስደንቀኝ ነገር እየቀነሰ ሄዷል። ያ ሰንደዶ ብድግ ያለበት ቅጽበት ግን ዛሬም ሲታወሰኝ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ዓለሙ ላይ ማን ማንን እየጠራ፣ ማን ሳይነኩት አቤት እያለ እንደሆነ አላውቅም።

ሁለት ዓመት ጊታር መታሁ። ከዚያ ወደ ንግድ ገባሁ። ሌላ ብስክሌት ግን አልገዛሁም።