በሐጃ ጣሪያ ላይ ስሮጥ

ሲጋራ ያስጀመረችኝ ሐጃ ናት። ሐጃ የአሠሪዬ የማዳም እናት ነበረች፤ ካርቱም አል-ጣኢፍ ሰፈር ውስጥ በተቀጠርኩበት ቤት ዋናው ሥራዬ እሷን መጠበቅ ነበር። አጥባታለሁ፣ አለብሳታለሁ፣ መድኃኒቷን አውጣታለሁ፣ ስድቧን እሰማለሁ። በአረብኛ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ እኔም በሆዴ በአማርኛ ሳማት አንቱ ብያት አላውቅም። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ትንፋሿም አጥሮ ስለነበር ሲጋራ ስባ ማቀጣጠል አይሆንላትም። ስለዚህ ማዳም ሥራ ስትሄድ እኔ በአፌ ለኩሼ እሰጣታለሁ። መጀመሪያ ሰሞን አሳለኝ፣ አስለቀሰኝ፤ እሷ ሆዷን ይዛ ትስቅብኝ ነበር። ቆይቶ ለእሷ አንድ ስለኩስ ለራሴም አንድ መለኮስ ጀመርኩ። ጓሮ፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ እሷ በወንበሯ እኔ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠን እናጨሳለን። በዚያ ቤት ውስጥ ሰው መሆኔ ትዝ የሚለኝ ያኔ ብቻ ስለነበር ወደድኩት።

ደቡብ ሱዳኖቹ አገራቸውን ይዘው በተለዩ በዓመቱ ኑሮ ተወደደ፤ ፖሊሱም በውጭ አገር ሰው ላይ በረታ። ከሻ የሚሉት አፈሳ ሐበሻ የሚበዛበትን የካላክላን ሰፈር በየሳምንቱ ያምስ ነበር። በዚያ ላይ የጎረቤት ሠራተኛ ሳል ይዟት ሳንባ ነቀርሳ ተገኘባትና አባረሯት። የእኔም ሳል የማዳምን ጆሮ የኮረኮረው በዚሁ ሰሞን ነው። የጤና ካርድሽ ከፋሲካችሁ በኋላ ይታደሳል፣ ደረትሽን ራጅ ትነሻለሽ፣ ጥላ ከተገኘበት እዚህ ቤት አትገቢም አለችኝ። ካርድ ከሌለ የመኖሪያ ፈቃድ የለም፤ ፈቃድ ከሌለ ከሻ ነው፤ ከከሻ በኋላ ያለው እስር ቤትና የድንበር መኪና ነው። እናቴ የምትበላው እኔ በምልከው ነበር።

ዓርብ የዕረፍት ቀኔ ነውና ካላክላ ወደምትኖር የአገሬ ልጅ ሄድኩ። ከእኔ በፊት የመጣች፣ ሁሉን አውቃለሁ የምትል ሴት ናት። ሲጋራውን ዛሬውኑ ጣይ፣ ከዚያ ወተት እየጠጣሽ ሩጪ፣ ወተቱ ጢሱን ያጥበዋል፣ ላቡ ያወጣዋል፣ ራጁ ምንም አያሳይም አለችኝ። ብዙ ሰው እንዲህ አድርጎ አልፏል ብላ ማለችልኝ። አመንኳት። ችግሩ ሁዳዴ ገብቷል። ዓመት ሙሉ ሳጨስ የኖርኩ ሴት፣ በጾም ወተት እንዴት አፌ ይገባል ብዬ አሻፈረኝ አልኩ። እንደ እኔ ያለች ቂል ካርቱም አይታ የምታውቅ አይመስለኝም። ወተቱ ሲቀር የቀረኝ ሩጫው ነበር።

በማግስቱ ማለዳ የማዳምን ልጅ አሮጌ ሸራ ጫማ ጨርቅ ጠቅጥቄበት አጠለቅኩና በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ሮጬ መስቀለኛው መንገድ ሳልደርስ የጎረቤቱ ዘበኛ ሐራሚያ፣ ሌባ ናት እያለ ተከተለኝ። ከሀብታም ቤት በማለዳ ሮጣ የምትወጣ ሐበሻ ወርቅ ጡቷ ውስጥ ሸጉጣ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። ሽማግሌ ነው፣ ጀለቢያውን በጥርሱ ነክሶ ነው የሮጠው፣ ግን ያዘኝ። አስፋልቱ ላይ ተቀምጬ ሳለከልክ ራሴ ላይ ቆሞ፣ ሐበሻ አይደለሽም እንዴ፣ ሐበሻ እኮ ሯጭ ነው ብሎ ተገረመብኝ። ማዳም በሌሊት ልብሷ ወጥታ፣ እዚያው በር ላይ ኪሴን አስገልብጣ፣ ገብታ አምባሮቿን አይታ፣ ሁሉም መኖሩን ስታረጋግጥ ምነው አንዱ በጠፋ ያለች መሰለች። ይቅርታ የሚል ሰው አልነበረም። ከእንግዲህ ከበር ውጭ ስትሮጪ እንዳላይ ብላኝ ወደ መኝታዋ ተመለሰች።

ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው፤ የውኃ ታንከር፣ ዲሽ፣ የልብስ ገመድና በበጋ የሚተኙበት የተሰበረ አልጋ አለበት። እነሱን እየዞርኩ መሮጥ ያዝኩ። አንዱን ዙር ሳልጨርስ ጎኔን ወጋኝ፤ ጉሮሮዬ በርበሬ የነሰነሱበት ይመስል ነደደ፤ ታንከሩን ተደግፌ አስታወክሁ። ጢስ ያማረኝ ደግሞ ያኔውኑ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ፣ የሐጃን መረቅ ጨው በጨው አደረግሁት። በየማለዳው ግን እየረገምኩ እወጣለሁ። የሐጃ ክፍል ከጣሪያው በታች ነው።

“አህያ በአናቴ ላይ ሲጋልብ ያደረው ለምንድን ነው?” አለችኝ ገና በጀመርኩ ሰሞን አንድ ጠዋት፣ ጓሮ ልብስ ሳጥብ።

ነገርኳት። ራጁን፣ ካርዱን፣ ሲጋራ ማቆሜን። ሰምታኝ ስታበቃ ከንፈሯ መሃል ያለውን ያልተለኮሰ ሲጋራ አገጯን ቀና አድርጋ ወደ እኔ ደቀነችው።

“ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ለኩሺልኝ።”

“አቁሜያለሁ፣ ሐጃ።”

“አንቺ አቁሚ። እኔ አላቆምኩም።”

ክብሪቱን ጭሬ ከፊቷ ያዝኩላት፤ መሳብ አቃታት። አንዴ ብቻ በአፍሽ ብላ ለመነችኝ። ሐጃ ስትለምን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አንዴ ከሳብኩ እንደማልመለስ አውቅ ነበርና ፊቴን አዙሬ ልብሱን ማጠብ ቀጠልኩ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ጦርነት ሆነ። አጥቤ ያነጠፍኩት አንሶላ ላይ ሻይ ታፈሳለች። ለመሮጥ ስነሳ ጠብቃ ሽንት ቤት ውሰጂኝ ትላለች፤ ተሸክሜ ሳደርሳት ሽንቴ አልመጣም ትላለች። እኔም ጸጉሯን ሳበጥር ማበጠሪያውን አላለሳልሰውም፤ ሻይዋን አቀዝቅዤ እሰጣታለሁ። እሷን ጓሮ ማውጣቱንም ተውኩ። የምናወራው ነገርም አልቆ ነበር።

ሁዳዴ ሊፈታ ሲቃረብ ግን አንድ ማለዳ ታንከሩን ዞሬ፣ ዞሬ፣ እግሬ እንጂ ትንፋሼ እንዳልደከመ ገባኝ። አባይ ማዶ ፀሐይዋ ስትወጣ፣ የአቧራው ሽታ ሳይቀር አፍንጫዬ ገባ። ሳሉም ለቆኝ ነበር። ብቻዬን ሳቅሁ። ያን ቀን ለሐጃ ሻይዋን በሙቁ ሰጠኋት፤ ቀምሳ ስኳር አነሰው አለች።

ከፋሲካ በኋላ ራጅ ተነሳሁ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መብራት አንስቶ ንጹሕ ነው አለኝ። ማጨሴን ፈራ ተባ እያልኩ ነግሬው ሮጬ እንዳጠራሁት ስገልጽለት፣ እኛ የምንፈልገው ነቀርሳ ነው፣ የዓመት ሲጋራ በዚህ አይታይም ብሎ ሳቀ። ግድ አልሰጠኝም። ካርዴን ይዤ ሳንባዬ እስኪሞላ እየተነፈስኩ ወደ ቤት ሄድኩ።

ማዳም በሩ ላይ ቆማለች፤ ቦርሳዬ ከእግሯ አጠገብ ነው። ሐጃ ነግራታለች። ሠራተኛሽ ታጨሳለች፣ ጢሷ እኔን ሊገድለኝ ነው ብላ አልቅሳባታለች። ካርዱን አሳየኋት፤ አላየችውም። ነገ መኖሪያ ፈቃድ የሚያወጣልኝ እንደማይኖር ሁለታችንም እናውቅ ነበር። የቀረ ጫማዬን ላምጣ ብዬ ገባሁ።

ሐጃ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ለምን አልኳት።

“አንቺ ልትድኚ ነው” አለች። “እኔ ከማን ጋር ልቅር?”

ለማዳም የእናቷን ሲጋራ ብነግራት ሐጃን በቀላሉ አሳፍራት ነበር። አፌ ላይ ደርሶም ነበር። ግን ማዳም ልጇ ናት፤ ብታውቅ ልትራራ ትችላለች፤ ራርታም አንድ ቀን ራሷ ትለኩስላት ይሆናል። ስለዚህ አልተናገርኩም። ከተደበቀበት ሙሉ ፓኬቱን አወጣሁ፣ አዲስ ክብሪት ጨመርኩበት፣ ሁለቱንም ጭኗ ላይ በደንብ አስቀምጬ ግንባሯን ሳምኳት። በአፉ የሚለኩስላት እንደማይኖር የገባት በሩ ጋ ስደርስ ነው። ክብሪት ሲሰበር ሰማሁ፣ ደግሞ ሌላ፣ ከዚያ ስሜን ጠራች፤ መጀመሪያ በቁጣ፣ ቆይቶ በልምምጥ። ቦርሳዬን አንስቼ ቀስ ብዬ እየተራመድኩ ወጣሁ፤ ደስ ብሎኝ ነበር።