«አይ» ከሆነ ወደ ጥያቄ 47 ይለፉ

እትዬ መጠይቅ ሰውን ያለ ፈቃዱ ጠይቀው አያውቁም። አንድ ጊዜ የገዛ ታላቅ እህታቸው ቤት ለጥናት ዕጣ ወጣለት። እትዬ በሩን አንኳኩ፤ የወረቀት መያዣ ሰሌዳቸውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው፣ «በዚህ ጥናት መሳተፍ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው፤ በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ» ብለው አነበቡላቸው። እህትየው፣ «እኔማ አንቺ ከተወለድሽ ጀምሮ ለማቋረጥ እየሞከርኩ ነው» አሉ። እትዬ አልሳቁም። ፈቃድ መገኘቱን በራይት ምልክት አድርገው ወደ ጥያቄ አንድ አለፉ።

እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ እትዬ መጠይቅ ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ፣ የሕዝብ ፖሊሲ ትምህርት ቤት በሚባለው ሕንፃ፣ ከደረጃው ሥር አንድ ክፍል አለ። በሩ ላይ «የማኅበረሰብ ተሳትፎና የመስክ ጥናት ማስተባበሪያ» የሚል ተለጥፏል፤ ጽሑፉ ከበሩ ስለሚሰፋ የመጨረሻው ቃል ግድግዳው ላይ ነው ያለው። ውስጡ ሁለት ጠረጴዛ፣ አልዘጋ ያለ ቁም ሣጥን፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ የመጠይቅ ካርቶን። አንዱ ጠረጴዛ የእሳቸው ነው፤ ሁለተኛው የኔ። እሳቸው ከቤት ቤት እየዞሩ የሰውን መልስ በወረቀት ያመጣሉ፤ እኔ ወደ ኮምፒውተር አስገባለሁ። እሳቸው በእግራቸው፣ እኔ በጣቴ እንጀራችንን እንበላለን።

በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዙር መረጃ ሰብሳቢ አሠልጥነዋል። ለሁሉም ያስተማሩት ሕግ አንድ ነው፦ የመላሽ ቃል የመላሽ ነው። አይታረምም፣ አይቆነጠርም፣ አይጨመርበትም። አንድ ሽማግሌ ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ «ሠላሳ» ብለው መለሱ፤ እትዬ ሠላሳ ብለው ጻፉ። የሽማግሌው የመጀመሪያ ልጅ ዕድሜ አርባ አንድ ነው። ኮምፒውተሩ አልቀበልም ቢለኝ ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር አይሆንም ይላል ኮምፒውተሩ።»

«ኮምፒውተሩ እዚያ ነበር?»

«አልነበረም።»

«እንግዲያው ዝም ይበል።»

እትዬ የሚኖሩት ላይኛው ሰፈር ነው። ወደዚያ የሚወጣ አንድ አውቶቡስ ብቻ አለ፤ ዳገቱ ላይ ሲደርስ እንደ ሽማግሌ ያቃስታል፣ ግን ይወጣል። እትዬ በየጠዋቱ በሱ ይወርዳሉ፣ በየማታው በሱ ይወጣሉ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ትቀመጣለች፤ ከጎኗ እሳቸው። ልብስ ሰፊዋ ከተማ መሀል ባለው ሱቅ ሥራ ተቀብላ ማታ ቤቷ ትሰፋለች። አሥራ ሁለት ዓመት በዚያ ወንበር ላይ ያላሙት ሰው የለም፤ እኔንም አምተውኛል፣ እትዬ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።

ባለፈው ዓመት የከተማው ትራንስፖርት ቢሮ ትምህርት ቤታችንን አንድ ጥናት አዘዘ። ላይኛው ሰፈር አውቶቡሱን ምን ያህል ይጠቀምበታል? የሚሳፈር ከሌለ አውቶቡሱ ወደ ታችኛው መንገድ ይዛወራል። ጥናቱን የሚመራው ዶክተር ስልሳ ሁለት ጥያቄ አዘጋጀ። ጥያቄ ሃያ ስምንት እንዲህ ይላል፦ «ባለፈው ወር እርስዎ ወይም የቤተሰብዎ አባል በላይኛው ሰፈር አውቶቡስ ተጠቅመዋል?» «አዎ» ያለ ሰው አሥራ ስምንት ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር፣ ለምን ጉዳይ፣ ቆመው ወይስ ተቀምጠው። «አይ» ላለ ግን ትንሽ ቀስት አለችለት፤ ዘልላ ወደ ጥያቄ አርባ ሰባት ትወስደዋለች።

ዕጣ ከወጣላቸው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቤቶች የመጀመሪያው የልብስ ሰፊዋ ነበር። ልብስ ሰፊ ደግሞ ዓይኗ ወረቀት ላይ ያለ መስመር ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ ለማየት የሠለጠነ ነው። ቀስቷን አየቻት። ቀና ብላ ደግሞ በሻሽ የተጠመጠመውን የእትዬን ጉልበት አየች። በዚያው ጠዋት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው የወረዱ ሴቶች ናቸው።

«ባለፈው ወር እርስዎ ወይም የቤተሰብዎ አባል…» አሉ እትዬ።

«አይ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ዓይኗን ሳታሽ።

እትዬ ቅንድባቸውን አነሱ። ከዚያ የመላሽ ቃል የመላሽ ነውና «አይ» ላይ ምልክት አድርገው አለፉ።

ልብስ ሰፊዋ እዚያ ብታቆም ደግ ነበር። ግን ቀሚስ ሊያሳጥር የመጣውን፣ ሱሪ ሊያሰፋ የመጣውን ሁሉ፣ «ሴትዮዋ በጉልበቷ እየዳኸች ነው፤ ሃያ ስምንተኛው ላይ ‹አይ› በሏት፣ ቶሎ ትገላገላለች» አለች። ፀጉር አስተካካዩ ሰማ። ፀጉር አስተካካይ የሰማውን ሰፈር ሰማው። በሳምንቱ ላይኛው ሰፈር በሙሉ ለእትዬ ጉልበት ሲል አውቶቡስ አይቶ የማያውቅ ሆነ።

ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በየወረቀቱ አሥራ ስምንት ባዶ ቦታ እየመጣልኝ ነው። አሥራ ስምንት የማልነካው ቁልፍ! በአሥር ሰዓት ሥራዬን ጨርሼ ሻይ እጠጣለሁ። ነገሩ ግራ አላጋባኝም ብል እዋሻለሁ፤ ግን ሰው ሲሳይ ሲመጣለት ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቅም።

የመጨረሻው ወረቀት ገባ፤ ሠንጠረዡን አትሜ እትዬ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ከሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ሁለት መቶ ዘጠና ሰባቱ «አይ»። «አዎ» ያሉት አሥራ አምስቱ፣ በኋላ እንዳጣራነው፣ ከልብስ ሰፊዋ ጋር የተኳረፉ ናቸው።

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ቁጥሩ አልተለወጠም።

«ዛሬ ጠዋት» አሉ፣ «ሦስት ሰው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የወረድነው።»

ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በዚያ ጉልበት ወጡ፤ እኔም ሠንጠረዡን ይዤ ተከተልኩ። ዶክተሩ ቀጭን፣ ትሑት፣ ለሚነገረው ሁሉ «በጣም ደስ የሚል ነጥብ ነው» የሚል ሰው ነው። ዝናብ ጣለ ብትሉትም ደስ የሚል ነጥብ ነው።

«ዶክተር፣ ቁጥሩ ልክ አይደለም» አሉ እትዬ።

«በጣም ደስ የሚል ነጥብ ነው። የት ላይ ተሳሳትን? ማስገባት ላይ?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚዞረው ወደ እኔ ነው።

«እሱ ያየውን ነው ያስገባው።»

«መሰብሰብ ላይ ነዋ?»

«እኔ የተነገረኝን ነው የጻፍኩት።»

«እንግዲያው እትዬ፣ ልክ ነው ማለት ነው» አለ ረጋ ብሎ። «የመላሽ ቃል የመላሽ ነው ብለው ያሠለጠኑኝ እርስዎ ነዎት። መረጃው ተበላሽቷል ካልን ደግሞ መመሪያውን ያውቁታል።»

ያውቁታል፤ የጻፉት እሳቸው ናቸው። መረጃው የተበላሸበት ሰብሳቢ ዳግመኛ ወደ መስክ አይወጣም። ጡረታቸው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ሁለት ዓመት ሙሉ በር ሳያንኳኩ ከደረጃ ሥር መቀመጥ ለእትዬ ሞት ነው። ዝም ካሉ ደግሞ አውቶቡሱ ይሄዳል፤ ያንን ዳገት ሰፈሩ ሁሉ በእግሩ ሊወጣው ነው፣ እሳቸውም ጭምር።

ደረጃውን ስንወርድ መሀል ላይ ቆሙ። «ልጄ» አሉኝ፣ «‹አይ› ባሉኝ ቁጥር ጉልበቴ ደስ ይለው ነበር።» እኔ ግን ስለ ሻዩ አልነገርኳቸውም፤ አፈርኩ።

ትምህርት ቤታችን ጥናት ሲያልቅ ሰዎቹን ጠርቶ ውጤቱን የማሳወቅ ልማድ አለው። ከሕዝብ የወሰድነውን ለሕዝብ እንመልሳለን ይባላል። ሐሙስ ጠዋት ላይኛው ሰፈር ወደ ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ መጣ። እንዴት መጣ? በአውቶቡሱ ነዋ! ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ነው አምጥቶ የጨረሳቸው። ሾፌሩም አውቶቡሱን ግቢው ውስጥ አቁሞ ገብቶ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ዶክተሩ ሠንጠረዡን በትልቁ አሳየ። «እንግዲህ፣ ከእናንተ ዘጠና አምስት በመቶው አውቶቡሱን አይጠቀምም።»

ሾፌሩ ተነሳ። «ታዲያ እኔ የምጭነው ማንን ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ዶክተሩም፣ «በጣም ደስ የሚል ነጥብ ነው» ብሎ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈ። እዚያ ላይ አውቶቡሱ ወደ ታችኛው መንገድ እንዲዛወር የሚል ምክረ ሐሳብ ተጽፏል። ሳቁ እዚያው ቀጥ አለ። ልብስ ሰፊዋ አፏን በእጇ ያዘች፤ ፀጉር አስተካካዩ ጫማውን ማየት ጀመረ። ዋሸን ቢሉ የእትዬን ወረቀት ውሸት ማድረጋቸው ነው፤ ዝም ቢሉ አውቶቡሱ መሄዱ ነው።

እትዬ ከፊተኛው ረድፍ ወንበሩን ተደግፈው ተነሱ።

«አስተባባሪ አስተያየት አይሰጥም፤ አልሰጥም። መጠየቅ ነው የምፈልገው።»

«ይጠይቁ እትዬ» አለ ዶክተሩ።

«እንድጠየቅ ነው ያልኩት። የሠራተኛ ቤት ከዕጣው ውጭ ነው እየተባለ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አንድ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም የላይኛው ሰፈር ሰው ነኝ። ወረቀቱን አምጣና ጠይቀኝ!»

«አንተ» ማለታቸውን ሰው ሁሉ ሰማ፤ ዶክተሩ ግን እንደ ድሮ ተማሪያቸው እየተቻኮለ መጠይቁን አወጣ። በቀጥታ ሃያ ስምንት ሊል ሲል፣ «መግቢያውን አንብብ» አሉት። በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ መሆኑን አነበበላቸው። ፈቀዱ።

«ባለፈው ወር በላይኛው ሰፈር አውቶቡስ ተጠቅመዋል?»

«አዎ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሃምሳ ሁለት።»

«ብቻዎን ነው ወይስ ከሌላ ሰው ጋር?»

እትዬ ወደ አዳራሹ ዞሩ። «ከዚያች ልብስ ሰፊ ጋር፣ ሃምሳ ሁለቱንም። ከፀጉር አስተካካዩ ጋር፣ ሁልጊዜ እግሬን እየረገጠኝ። ከዚያ መምህር ጋር። ከነዚያ መንትዮች እናት ጋር። አንተ ደግሞ ምን ትደበቃለህ፣ ትናንት ቦርሳዬን የያዝክልኝ አንተ አይደለህ?»

ልብስ ሰፊዋ ብድግ አለች። «እኔ ነኝ» አለች። «ቀስቷን አየኋት። ጉልበቷን ደግሞ አየሁ። ትረፍ ብዬ ነው።»

«ጉልበቴ ስልሳ ሁለቱ ጥያቄ ውስጥ የለም!» ብለው ጮኹባት። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እኔስ ብሆን? ጠዋት አብራችሁኝ ወርዳችሁ ከሰዓት ‹አይ› ስትሉኝ ለማንኛችሁም ‹እርግጠኛ ነሽ?› አላልኩም። መጠየቅ ሥራዬ ነው፤ አልጠየቅኩም። መመሪያውን ታውቀዋለህ ዶክተር።» አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን የመስክ መታወቂያ አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

ዶክተሩ፣ «በጣም ደስ የሚል…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ከኋላ ሾፌሩ፣ «ሌላ ሰው ከላካችሁ አሁንም ‹አይ› ነው የምንለው!» ሲል ጮኸ። ዶክተሩ መታወቂያውን አንስቶ ትንሽ አገላበጠው።

«መመሪያው ሐሰት ለጻፈ ነው» አለ። «እርስዎ ሐሰት አልጻፉም። እኛ ነን እውነት የተናገረውን በአሥራ ስምንት ጥያቄ የሚቀጣ ወረቀት የሠራነው።» መታወቂያውን መልሶ አንገታቸው ላይ አጠለቀላቸው። ከልቡ መናገሩን ሳይ፣ ሁልጊዜ ወደ እኔ መዞሩን ይቅር አልኩት።

አውቶቡሱ ዛሬም እያቃሰተ እንደሚወጣ ልንገራችሁና ልባችሁ ይረፍ። ግን ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ቤት እንደ አዲስ መጠየቅ ነበረበት። እኔም ካርቶን ተሸክሜ አብሬ እንድዞር ተፈረደብኝ፤ የሻዩን ነገር ማን እንደነገረብኝ አላውቅም።

መጀመሪያ የገባነው ልብስ ሰፊዋ ቤት ነው። ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ሁለት ትራስ የተደረበበት ወንበር ተዘጋጅቷል።

«ተቀመጪ» አለቻቸው። «ዛሬ ረጅሙን ነው።»

እትዬ ተቀመጡ፤ መግቢያውን አነበቡ፤ ፈቃድ ተቀበሉ። ሃያ ስምንት ላይ «አዎ» ተባለ። አንድ በአንድ ወረዱ፤ ልብስ ሰፊዋ እየሰፋች ትመልሳለች። አርባ ስድስት ላይ ደረሱ።

«አውቶቡሱ ቢቀር ምን ያጣሉ?»

የመኪናው ድምፅ ቆመ። ልብስ ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና፣ «ካንቺ ጎን መቀመጡን» አለች።

የእትዬ እስክሪብቶ አየር ላይ ቀረ። በሃያ ሁለት ዓመታቸው የመጀመሪያውን መልስ ሊያርሙ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር፤ መነጽራቸውን አልጠረጉትም። ከዚያ አጎንብሰው የተባለውን እንዳለ ጻፉት።

ማታ ላይ ከደረጃው ሥር ተቀምጬ ወረቀቱን ሳስገባ ለአርባ ስድስት አራት ኮድ አገኘሁ፦ ሥራ፣ ሕክምና፣ ገበያ፣ ትምህርት። የልብስ ሰፊዋ መልስ ከአንዱም አይገባም። አምስተኛውን፣ «ሌላ (ይገለጽ)» የሚለውን ነክቼ፣ «ካንቺ ጎን መቀመጡን» ብዬ ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ ተቀበለው።