የእንግዳ ውሃ

አዲስ አበባ ሄጄ አፌን ከፍቼ በሳቅኩ ቁጥር የሚከተለኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «የናዝሬት ልጅ ነሽ እንዴ?» ጥርሴ የበለዘ ነው። ጥርሴን የማልቦርሽ የሚመስለው ሰውም አለ። ስለዚህ ገና በልጅነቴ፣ ሳቄ ሲመጣ እጄ ሳልጠራው አፌ ላይ መውጣት ለመደ። ፎቶ ቤት «ፈገግ በይ» ሲሉኝ ከንፈሬን ገጥሜ ነበር ፈገግ የምለው። እኛ አካባቢ እንደ እኔ ያለው ብዙ ስለሆነ እርስ በርስ አንተዛዘብም። ነገሩ ውሃው ነው። ከመሬት የሚወጣው ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ የሚሉት ነገር ይበዛል፤ ሕፃን ሆኖ የጠጣው ሰው ቋሚ ጥርሱ ሲወጣ በልዞ ይወጣል፤ ሲብስም አጥንት ያጎብጣል።

ይህን የማነሳው ለማሳዘን አይደለም። ጥርሴ አንድ ጊዜ ከኮምፒውተር ጋር ተካስሶ ስለረታ ነው።

አዳማ ላይ በስታትስቲክስ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስሠራ አማካሪዬ አንድ የውሃ ጥናት ውስጥ አስገቡኝ። ሁለት የአዲስ አበባ ልጆች ከቆቃ እስከ ደራ ድረስ በየመንደሩ እየዞሩ ውሃ በጠርሙስ ሰብስበው፣ ላቦራቶሪ አስመርምረው፣ ቁጥሩን አመጡ። የእኔ ድርሻ ቁጥሩን ወደ ስዕል መለወጥ ነበር። ሰርፌስ ፕሎት ይባላል። ካርታው እንደ ምንጣፍ ይነጠፍና ፍሎራይድ የበዛበት ቦታ ወደ ላይ ይነሳል፣ ያነሰበት ይሰምጣል። ኮምፒውተሩ ላይ ምንጣፉን እያዞሩ ከፈለጉት አቅጣጫ ማየት ይቻላል።

ስዕሉን የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ነበር። ከአዳማ የተጣራ ውሃ በቧንቧ ሊዘረጋ ታስቦ፣ መጀመሪያ የሚደርሳቸው መንደሮች ከእኛ ሪፖርት ሊመረጡ ነው። ከፍ ብሎ የወጣ መንደር ይቀድማል፤ ዝቅ ያለው ይጠብቃል። በእኛ አገር «ይጠብቃል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ከመንደሮቹ አንዱ የእኔ ነው። ከደራ መንገድ ገባ ብሎ ያለ፣ አንድ ቦኖ ያለው መንደር። ሰዉ ሁሉ የሚቀዳው ከዚያች ቦኖ ነው፤ እኔም እየጠጣሁ ያደግኩት ከእሷው ነው። የአባቴ እህት፣ በኦሮምኛ አዳዳ የምንላት፣ ዛሬም ቦኖው አጠገብ ትኖራለች። የልጇን ልጅ ታሳድጋለች። ያኔ ልጅቷ ገና የወተት ጥርሶቿ ናቸው የነበሯት፤ ነጭ፣ ደቃቅ። ስትስቅ አፏን በሰፊው ትከፍታለች፤ የምትደብቀው ነገር እንዳለ አታውቅማ። ቋሚ ጥርሷ ግን ድድ ውስጥ ሆኖ ከምትጠጣው ውሃ እየተሠራ ነበር።

ስዕሉ በመጀመሪያ አልወጣም። ሶፍትዌሩ በቀይ ጽሑፍ፣ ቦታዎቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ካልተሰለፉ አልስልም አለኝ። ልጆቹ መንደሮቹን የመዘገቡት መኪናቸው በቆመበት ተራ ነበር፤ አስተካክዬ ደረደርኩለት። ቀጥሎ ሳለልኝ፤ ግን የቆቃ ሐይቅ ደራ ላይ ወጣ። ረድፉና ዓምዱ ተቀያይሮ ነው። ገለበጥኩት። ከዚያ ደግሞ ናሙና ያልተወሰደባቸው ቦታዎች ባዶ ቀሩና ምንጣፉን አይጥ የበላው መሰለ። በመሃል ያለውን ከጎረቤቶቹ እየገመተ እንዲሞላ አዘዝኩት፤ ሞላው። ሶፍትዌርን እንዲህ እየሰደብኩ ነው የምሠራው። አይቀየመኝም፣ እኔም አልቀየመውም።

በመጨረሻ አማረ። ከቆቃ በኩል ቀስ እያለ ይወጣል፣ መሃል ላይ ጉብ ይላል፣ ከዚያ ወደ ደራ ይወርዳል። አማካሪዬ አይተው «አሁን ሥራ ሠራሽ» አሉኝ። ከእሳቸው አፍ ምስጋና መውጣቱ ራሱ ለወሬ የሚበቃ ነገር ነው።

ሰው ሥራው ሲያምርለት ደጋግሞ ያየዋል። እኔም ስዕሉን በማውስ ይዤ አዞርኩት። በደራ በኩል ስመጣ ከጉብታው ጀርባ አንድ ጎድጓዳ ቦታ አየሁ። ዙሪያው ሁሉ ከፍ ብሎ እሱ ብቻ ወደ ታች ገብቷል። የቱ መንደር ነው ብዬ ሰንጠረዡን ስከፍት የእኔው መንደር ሆኖ አገኘሁት። በቁጥሩ ከሄድን እኛ የአካባቢው ምርጥ ውሃ ጠጪዎች ነን። ሳቅኩ፤ እጄ አፌ ላይ ወጣ። ከዚያ ተናደድኩ።

ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ጀመርኩ። መንደሩ በካርታው ላይ የተሳሳተ ቦታ ወድቆ እንደሆነ አጣራሁ፤ ልክ ነው። መለኪያው ተቀይሮ እንደሆነ አየሁ፤ እንደ ሌሎቹ ነው። ኮዱን አጥፍቼ ከባዶ ጻፍኩት፤ ጎድጓዳው እዚያው ነው። ላቦራቶሪ ደወልኩ፤ የተረፈውን ውሃ ደግመው መርምረው ያንኑ ቁጥር ሰጡኝ። ሶፍትዌሩም አልዋሸም፣ ላቦራቶሪውም አልዋሸም። ዋሸ ሊባል የቀረው የእኔ ጥርስ ብቻ ነበር።

አማካሪዬ ቢሮ ገባሁ።

«ዶክተር፣ የዚህ መንደር ቁጥር ትክክል አይደለም።»

«በምን አወቅሽ?»

በጥርሴ ለማለት አፈርኩ። «እዚያ ነው ያደግኩት» አልኳቸው።

«ማደግሽ ዳታ አይደለም» አሉ። ከዚያ ማውሱን ተቀብለው ስዕሉን በቆቃ በኩል አዞሩት። ጎድጓዳው ከጉብታው ጀርባ ተሰወረ። «ይኸው። ሪፖርቱ ላይ የሚገባው አንድ ስዕል ነው። በዚህ አንግል አስገቢውና እንገላገል።»

ክፉ ሰው አይደሉም። ሪፖርቱ ዘግይቷል፤ በየቀኑ ይደወልላቸዋል። አብራኝ የምትማረው ጓደኛዬም ስንወጣ «ዝም አይነቅዝም፤ ዲግሪሽን ይዘሽ ውጪ» ስትል መከረችኝ። እውነቷን ነው፣ ዝም አይነቅዝም። ጥርስ ግን ይበልዛል።

ስዕሉን ባዞረውም ቁጥሩ ሰንጠረዡ ውስጥ አለ። መሥሪያ ቤቱ ሰንጠረዡን ያነባል፣ መንደሬ መጨረሻ ላይ ይሰለፋል፣ ቧንቧው ይቀራል። እምቢ አልኩ። ጮኼ አይደለም፤ ሰኞ እመልሳለሁ ብዬ ላፕቶፔን ዘጋሁና ቅዳሜ ጠዋት የደራ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ።

አዳዳ በር ላይ ተቀበለችኝ። «አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ፤ እንዴት ነሽ ልጄ። ከስተሻል» አለች፤ ለእሷ ያልከሳ ሰው የለም። ገና ሳልቀመጥ ውሃ በብርጭቆ ቀረበልኝ። ጠጣሁት። ለስላሳ ነው። እዚያ ቤት እንደዚያ ያለ ውሃ ጠጥቼ አላውቅም።

«አዳዳ፣ ይሄ ውሃ ከየት ነው?»

«ከናዝሬት፤ የተጣራው የቧንቧ ውሃ ነው። ጎረቤታችን ባጃጅ ይነዳ የለ? በሳምንት አንዴ ነጩን ጀሪካን ሞልቶ ያመጣልኛል። የእንግዳ ነው።»

«እኔ እንግዳ ነኝ?»

«ከተማ የገባ ሰው እንግዳ ነው።»

ቀና ብዬ ጓዳውን አየሁ። ጥጉ ላይ ሁለት ጀሪካን ቆሟል፤ ነጩ የእንግዳ፣ ቢጫው የቤት። ቢጫው ከቦኖ የተቀዳ ነው።

«ጠርሙስ ይዘው የመጡ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ ታስታውሻቸዋለሽ?»

«እንዴት ይረሳሉ፣ ጨዋ ልጆች። በቀትር መጡ። ቦኖው ተዘግቷል፣ የሚከፈተው ከሰዓት ነው። እንግዲያውስ እናንተ ቤት ያለውን ውሃ ስጡን አሉ። ሰጠኋቸው።»

«ከየትኛው?»

እንደሰደብኳት ሁሉ ትኩር ብላ አየችኝ። «ወላሂ፣ ከሩቅ ለመጣ ሰው ከቢጫው ልቀዳ? ምን ልባል ነው?»

ስህተቱ ተገኘ። ኮዱን ስንት ጊዜ ብገለብጠው አላገኘውም ነበር፤ ኮዱ ውስጥ አልነበረማ። ላቦራቶሪው የመረመረው በመንደሬ ስም የናዝሬትን ቧንቧ ነው። ልስቅ ነው ላለቅስ ሳላውቅ ነገሩን አስረዳኋት። በአንቺ ደግነት ውሃችሁ ጥሩ ነው ተብሏል፣ ቧንቧው ወደ እናንተ አይመጣም አልኳት። አሁን ልጆቹን መልሼ አመጣቸዋለሁ፣ ጠርሙሳቸው በቦኖው ውሃ ይሞላል ብዬ ጨመርኩ።

«አይሆንም» አለች። «ገመናችንን በጠርሙስ አሽገን ለከተማ ሰው እንስጥ? እነዚያ ልጆች ውሃዬን አመስግነው ነው የሄዱት።»

«ገመናው የእኛ አይደለም፣ አዳዳ። የመሬቱ ነው።»

«ለሰው ግን የእኛ ነው የሚመስለው።»

እሷም እምቢ፣ እኔም እምቢ። የእኛ ቤት ሰው እምቢታ ከአንድ ሴት ወደ ሌላዋ ነው የሚወርሰው፤ እኔም ከእሷው ነው የወረስኩት። ልጅቷ በመሃላችን ቆማ ውሃ ጠማኝ አለች። አዳዳ ተነሳች። እጇ ሳያስብ ወደ ቢጫው ሄደ።

«ከነጩ ስጫት» አልኩ።

«ነጩ ለሳምንት ነው። እንግዳ ቢመጣስ?»

አፌን በሁለት ጣቴ ገልጬ ጥርሴን ከነድዱ አሳየኋት። «ይሄን እዪው። እሷም ሰው ፊት ስትስቅ እጇን አፏ ላይ ታድርግ?»

አዳዳ ጥርሴን ስታየው የመጀመሪያዋ አልነበረም። የራሷም ያው ነው። ግን ያን ቀን ለረጅም ጊዜ አየችው። ብርጭቆውን ከነጩ ሞልታ ለልጅቷ ሰጠቻት። ከዚያ ቢጫውን ጀሪካን አንስታ ወጣች። ከሰዓት ቦኖው ሲከፈት ከሰልፉ ፊት ቆማ ስታወራ አገኘኋት፦ የኔ ልጅ ሰዎች ልታመጣ ነው፣ ከዚሁ ነው የሚቀዱት፣ ማንም እጃቸው ላይ ሌላ ውሃ እንዳያደርግ።

ከናሙና ሰብሳቢዎቹ ለአንዱ ደውዬ ነገሩን ስነግረው ሳቀ። «ውሃው ጣፍጦኝ ነበር» አለ። መጡ፣ ቦኖው ሥር ቆመው ራሳቸው ቀዱ፣ አሸጉ፣ ላቦራቶሪ አስገቡ።

አዲሱን ቁጥር ሳስገባ ጎድጓዳው ጠፋ፤ በቦታው ጫፍ ወጣ። ጫፉ ከመርዘሙ የተነሳ ሶፍትዌሩ ለእሱ ብሎ መለኪያውን አስረዘመና ሌላው አገር ሁሉ ሜዳ መሰለ። አማካሪዬ ግንባራቸውን ያዙ።

«አሁን ደግሞ ስዕሉን ገደለው። መለኪያውን ዝቅ አድርጊና ጫፉን ቁረጪው። አያምርም።»

«ውሃውም አያምርም፣ ዶክተር። አልቆርጠውም።»

ለሌሎቹ መንደሮች ልዩነታቸው እንዳይጠፋ በቀለም ለየኋቸው። ስዕሉንም በደራ በኩል አዞርኩት። ጫፉን ግን አልነካሁም። አማካሪዬ «እንግዲያው አንቺው ታቀርቢዋለሽ፤ ጥያቄውንም አንቺው ትመልሻለሽ» አሉ። ቅጣት መሆኑ ነው። ደስ እያለኝ ተቀበልኩት።

ያቀረብኩ ቀን ከመሥሪያ ቤቱ የመጡ አንድ መሐንዲስ እርሳሳቸውን ወደ ጫፉ ቀሰሩ። «ይሄ የማሽን ስህተት መሆን አለበት» አሉ። «ሰው እንዲህ ያለ ውሃ እየጠጣ አይኖርም።»

ሳቄ መጣ። እጄ እንደ ልማዱ ተነሳ። መለስኩት።

«እኔ ኖሬያለሁ» አልኩና ጥርሴን እንዳለ አሳየኋቸው። «ስህተት ነው ካሉ ቀረብ ይበሉና ይመልከቱት።»

መሐንዲሱ ጥርሴን አዩ፣ ስክሪኑን አዩ፣ እርሳሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ከኋላ አማካሪዬ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ናሙናው እንደገና ተወስዷል፤ እኔም አረጋግጬዋለሁ» አሉ። ይህን ከእሳቸው አልጠበቅኩም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እጄ አፌ ላይ አይወጣም። አንዳንዴ ይሞክራል፤ እመልሰዋለሁ።

መንደራችን ከሚቀድሙት ውስጥ ገባ። ቧንቧው ዛሬም አልደረሰም፤ ነገር ግን መስመሩን የሚቀይሱ ሰዎች መጥተው ሲለኩ ዋሉ። የዚያን ቀን ማታ አዳዳ ደወለችልኝ። ከኋላዋ ልጅቷ ስትስቅ ይሰማኛል።

«የሚለኩት ሰዎች በቀትር ውሃ ጠማን ብለው ደጄ ላይ ቆሙ» አለችኝ።

«ከነጩ ቀዳሽላቸው?»

«ነጩ አሁን የልጅቷ ነው» አለች። «ከቢጫው ነው የቀዳሁላቸው። አንዱ ቀምሶ ፊቱን አጨፈገገ። ጠጡ አልኳቸው፤ ለዚህ አይደል የመጣችሁት።»