ቂርቆስ ያለ አስተርጓሚ

በወንድሜ በቂርቆስ ቀብር ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ ስሕተት አለበት። ቡታጅራ ተወለደ ይላል፤ ቡታጅራ የተወለደው አባታችን ነው፣ ቂርቆስ የተወለደው ነቀምቴ፣ ከሱቃችን ጀርባ ባለው ቤት ነው። ዕድሜውን በንግድ አሳለፈ ይላል፤ ሚስማርና የበር ማጠፊያ የሸጠው እንጀራ ሆኖበት ነው። የከፋው ግን «ሥነ ጽሑፍም ይወድ ነበር» የሚለው ነው። እኔ የጻፍሁት «ደራሲ ነበር» ብዬ ነበር። የዕድሩ ሰብሳቢ ኦቦ ጨመዳ ወረቀቱን አንብበው፣ «የታተመ መጽሐፍ አለው እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ። የለውም። ሰረዙት። አስከሬን እየጠበቀ ክርክር አይያዝምና ዝም አልሁ።

እዚህ ግን ዝም አልልም። ቂርቆስ አንድ ልብ ወለድ ጽፎ ጨርሷል። ሳይታተም የቀረው በሁለት ቋንቋ ስለተጻፈ ብቻ ነው።

ታሪኩ የሁለት ጎረቤታሞች ነው። እታፈራሁ ቤተሰቦቿ ከጎጃም መጥተው የሰፈሩ ናት፤ በዳቱ የአገሩ ልጅ ናት። በአንድ አጥር ይዋሰናሉ፣ ልጆቻቸውም ይጋባሉ። እታፈራሁ በአማርኛ ትናገራለች፣ በዳቱ በኦሮምኛ ትመልሳለች። ዕድሜ ልካቸውን ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ አብረው ያለቅሳሉ፤ አንዷም በሌላዋ ቋንቋ አትናገርም፣ ያልተግባቡበት ቀንም የለም። ከነቀምቴ አለፍ ብላ ባለችው በሲሬ ከተማ መናኸሪያ ጥቂት የቆመ ሰው ይህን ንግግር በጆሮው ይሰማዋል። ቂርቆስም ኦሮምኛን የለመደው እዚያ ነው፤ አባታችን በገበያ ቀን ጨርቅ ሊሸጥ ሲሄድ ይዞት ይሄድ ነበር። ቤት ጉራግኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ፣ ገበያ ኦሮምኛ። «ለምን አትለያየውም?» ሲሉት፣ «ሲመጣልኝ ተቀላቅሎ ነው የሚመጣው፣ የቱን ከየቱ ላበጥር?» ይል ነበር።

የሚጽፈው ሱቅ ውስጥ ነው። ደንበኛ ሲገባ የጻፈውን ጮክ ብሎ ያነብለታል። ደንበኛው ወይ ይስቃል ወይ «ቂርቆስ፣ ሚስማሬን ስጠኝ» ይላል። ሚስማሬን ስጠኝ የተባለበትን ገጽ ይቀደዋል።

የአዲስ አበባ አሳታሚዎች «ኦሮምኛውን ወደ አማርኛ መልሰው» አሉት። እዚህ ያሉት ደግሞ «አማርኛውን ወደ ኦሮምኛ መልሰው» አሉት። ሁሉም በትሕትና ነው የሚናገሩት፣ ይህም ይበልጥ ያበሽቀው ነበር። ከዚያ በጸጥታው ችግር መንገዱ መዘጋት ጀመረ፣ ስልክም ጠፋ፤ ዓመታት እንዲሁ ሄዱ።

በመጨረሻ ሳህሉ የሚባል የአዲስ አበባ አርታኢ ተስፋ ሰጠው። «ኦሮምኛ የማያውቅ ሰው ሳይተረጎምለት ሰምቶ ከተከተለው፣ እንዳለ አሳትመዋለሁ» አለ። እሱ ራሱ አንዲት ቃል አያውቅም፣ ስለዚህ ሊሰማ ነቀምቴ መጣ። አዳራሽ ተለመነ፣ ሰው ተጠራ።

በከተማችን ሁለት ቋንቋ የሚነገርበት መድረክ ሁሉ አስተርጓሚ ይቆምለታል። በጸሎት ቤት ሰባኪው አንድ ነገር ይላል፣ አስተርጓሚው ተቀብሎ በሌላው ይለዋል። የአዳራሹ ሰዎችም ማንንም ሳይጠይቁ አቶ ተረፋን ጠሩ። አቶ ተረፋ እሑድ እሑድ ከሰባኪ ጎን ሲቆም የኖረ፣ ድምፁ ያማረ ሰው ነው። ቂርቆስ ሰላም ሊለው የወጣ መስሎት ጨበጠው።

ማንበብ ጀመረ። የበዳቱ በሬ አጥር ጥሶ ገብቷል። «አንቺ ሴትዮ፣ በሬሽ ጎመኔን ጨረሰው!» አለች እታፈራሁ። ተረፋ ወዲያው በኦሮምኛ ደገመው። ቂርቆስ ገልመጥ አድርጎት የበዳቱን መልስ አነበበ፦ «ሀ ኛቱ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፊት የተቀመጠው ሳህሉም ሳቀ። ሳቁ ጋብ ሲል ተረፋ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እንደ መዝሙረ ዳዊት፣ «‹ይብላ› ትላለች» አለ።

«አቶ ተረፋ፣ ተው እንጂ!» አለው ቂርቆስ። «ሰው ስቆ ጨርሷል እኮ!»

«ሁሉም አልሳቀም፣ ጋሼ። ለቀሩት ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ጮኸ፦ «ኦቦ ተረፋ፣ ሳቁንም ተርጉምልን!»

ተረፋ አልተቀየመም፣ አላቆመምም። በዳቱ የተናገረችውን ለእታፈራሁ፣ እታፈራሁ የተናገረችውን ለበዳቱ እያደረሰ ምዕራፉን ጨረሰው። ሁለት ሴቶች የነበሩት አራት ሆኑ። ቂርቆስ መጨረሻ ላይ የሚያነበው ለመገላገል ያህል ነበር።

ሳህሉ ውጭ ሲያገኘው፣ «አየህ፣ ያለ አቶ ተረፋ አልከተልህም ነበር» አለው።

«ተረፋ አፉን ሳይከፍት ስቀሃል! በዓይኔ አይቻለሁ!»

«ሰው ሲስቅ ሳቅሁ፣ ጋሽ ቂርቆስ። መጽሐፍ ብቻውን የሚያነብ አንባቢ ከማን ጋር ይስቃል?»

ቂርቆስ ወረቀቱን ሰብስቦ ጥሎት ሄደ። ቤት ከገባ በኋላ ግን፣ «ጎመን ተበልቶባት የምትጮኽ ሴት፣ በሬዬ ይብላ የምትል ሴት፣ ምናቸው ነው የማይገባው?» እያለ ጓዳውን ሲዞረው አመሸ። ሳህሉ ኦሮምኛው ካልተተረጎመ አላትምም ብሎ ተመለሰ። ወንድሜ እንቢ አለ። ሌላ ዕድል ሳያገኝ ኩላሊቱ ከዳው፤ ሆስፒታል ተኝቶም ከአስታማሚዎቹ ጋር የሚከራከረው ስለ በዳቱ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ሳህሉ ለቂርቆስ ባለቤት ለሐረግወይን ደወለ። እኔና ልጇ ቲቲ አጠገቧ ነበርን። ድምፁ ሁላችንም ዘንድ ይሰማል። ኦሮምኛው ተተርጉሞ፣ መጽሐፉ በአማርኛ ብቻ፣ የቂርቆስ ስም ሽፋኑ ላይ ተጽፎ በቅርቡ ይወጣል አለ።

«እማዬ፣ እሺ በይው» አለች ቲቲ። «ቀብሩ ላይ «ደራሲ» የሚለውን ሲሰርዙበት አላየሽም?»

ሐረግወይን በእጇ ዝም አሰኘቻት። «ጋሽ ሳህሉ፣ እታፈራሁ ስትሞት በዳቱ የምታለቅሰው በምን ቋንቋ ይሆናል?»

«በአማርኛ ነዋ፣ እትዬ። ትርጉሙ በጣም በጥንቃቄ ይሠራል።»

«ታዲያ ያቺ ሌላ ሴት ናት። በዳቱን አላውቃትም እንዴ? ስንት ዘመን ከባሌ ጋር ቤቴ የኖረች ሴት ናት። አይሆንም፣ ወንድሜ። እሱ በሕይወቱ እንቢ ያለውን፣ ሞተ ብዬ እሺ አልልበትም።»

ስልኩን ዘጋች። ቲቲ በሩን ወርውራው ወጣች፣ ከእናቷም ጋር እስካሁን በወጉ አይነጋገሩም። እኔ ሐረግወይን ልክ ናት እላለሁ። ልክ መሆኗ ግን አንድ ገጽ አላሳተመም። በቀደም ቲቲ መሥሪያ ቤቴ መጥታ፣ «አክስቴ፣ ማን ያነበዋል እንግዲህ?» አለችኝ። አላውቅም አልኋት።