ለሁሉም አዎ ያለው ወታደር

ጦርነቱ ባበቃ ሰሞን አንድ የጭነት መኪና መርሳ ከተማ ላይ፣ ከመለዋወጫ ሱቄ ፊት ለፊት፣ የወታደር ጃኬት የለበሰ ወጣት አውርዶ ሄደ። ጭንቅላቱ ላይ የዳነ ቁስል አለ። ስሙን ብንጠይቀው አላውቅም፣ አገሩን ብንጠይቀው አላውቅም። ወረቀት የለው፣ ስልክ የለው። ወልድያ ድረስ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት፤ ቁስሉ ድኗል፣ ማስታወሱ ግን ጊዜ ይፈልጋል አሉኝ። ከተማው ውስጥ የሰፈሩትን ወታደሮች ብጠይቅ ደግሞ "መለያ ከሌለው በምን እንፈልገው?" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኔ ግን በሽቄ ተመለስኩ። ሱቁ ጓሮ አሳደርኩት።

አንድ ነገር ብቻ ግልጽ ነበር፤ አነጋገሩ የኛው የወሎ ነው። ይህን የሰማ፣ ልጁ ዘምቶ የቀረበት ሁሉ፣ ከሐብሩ ቆላ ከጉባ ላፍቶ ደጋ ይመጣ ጀመር። መምጣታቸው ባልከፋ። የልጅሽ ምልክት ምንድን ነው ስላት አንዷ "እንጥሉ የተቆረጠ ነው" ትለኛለች። እዚህ አገር እንጥሉ ያልተቆረጠ ማን አለ? የኔም ተቆርጧል። ሌላው "ቅንድቡ ላይ የምላጭ ብጣት አለው፤ ዓይኑን ሲያመው የተበጣው ነው" ይላል። በዚህ ምልክት ከሆነ በሱቄ በር ከሚያልፈው ሰው ግማሹ የነሱ ልጅ ነው።

ይባስ ብለው ይነግሩታል። "አብሽር ልጄ፣ ወንዝ ዳር ያለው ቤታችን ትዝ አይልህም? ቀዩ በሬያችንስ?" እሱ አንገቱን ደፍቶ "አዎ" ይላል። ለሁሉም አዎ ነው። የጎረቤቴ የሻይ ቤቷ ባለቤትም ልርዳው ብላ የሰማችውን ሁሉ ታስጠናዋለች። "ጠይቁት እንጂ አትንገሩት፤ የሰው ትዝታ እየሞላችሁበት የራሱ በየት ይምጣ?" ብዬ ጮህኩ። ማን ሰምቶኝ። ልጅ የጠፋበትን ሰው በጥያቄ ማፋጠጥ በኛ ዘንድ ነውር ነው። ጨካኝ ተባልኩ። አብዛኞቹም አይተውት፣ አልቅሰው፣ የኔ አይደለም እያሉ ተመለሱ።

በመጨረሻ ከጉባ ላፍቶ ደጋ አንድ ሽማግሌ መጡና ገና ሲያዩት ጉልበቱን አቅፈው አለቀሱ። አባትህ ናቸው ወይ ቢሉት ያንኑ አዎ አለ። እስቲ መጀመሪያ ቀዬውን ይይ፣ ጎረቤት ያውቀው እንደሆነ እንጠይቅ ብዬ ተከራከርኩ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች "አባት ልጄ ካለ አንተ ማን ነህ?" አሉኝ። አባትዬውም "ባያውቀኝ ምን አለበት፤ እኔ አውቀዋለሁ" አሉ።

የወልድያ ሚኒባስ እስኪሞላ ሽማግሌው ገብተው ተቀመጡ። ልጁ እጅጌዬን ይዞ ወደ ጥግ ሳበኝ።

"ጋሼ፣ የእውነት ልጃቸው የመጣ ዕለት እኔ የት እሄዳለሁ?"

"አባቴ ናቸው አላልክም እንዴ?"

"አላውቃቸውም። ከመጡት አንዱንም አላውቅም።"

"ታዲያ ለምን አዎ ትላለህ?"

"መጀመሪያ የመጡትን እናት አይደለሁም ብያቸው ነበር። እዚያ መንገዱ ላይ ወደቁ። ሰው ተሸክሞ ነው ያነሳቸው።"

እኔ ዕቃ ላመጣ ወልድያ የሄድኩ ዕለት ነው መሰለኝ፤ ማንም አልነገረኝም። ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፣ የምቆጣው ሰው ግን ጠፋኝ። ሽማግሌው ከጎናቸው ያለውን ወንበር ማንም እንዳይቀመጥበት በመዳፋቸው ተጭነው "ና እንጂ ልጄ፣ ቦታ ይዤልሃለሁ" አሉ። ልጁ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። አንድ ቃል ብናገር ይቀር ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ እውነቱ ይውጣ እያልኩ መንደሩን ያስቸገርኩ ሰውዬ፣ እውነቱን በጆሮዬ ከሰማሁ በኋላ "ሂድ፣ እየጠበቁህ ነው" አልኩት።