የሽባባው አራተኛ እግር

በ1959 ዓ.ም. ክረምቱ ዳንግላን የለቀቃት ዘግይቶ ነው። መስቀል አልፎ እንኳ ማለዳ ማለዳ ያካፋ ነበር። ከዚያ ጥቅምት ሲገባ አንድ ሳምንት ነፋስ ነፈሰና ምድሩ በአንዴ ደረቀ። አራት ወር ጭቃ ውስጥ የከረመ እግር ሲደርቅ ያሳክካል፤ ሴቱ ሁሉ ገበያ ላይ ተቀምጦ ተረከዙን በድንጋይ ሲፈገፍግ ይውላል። ከከተማው ዳር ጀምሮ ኑጉ ቢጫ ነው። ሰው ያለ ምክንያት ደስ ይለዋል። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ የእኔ ግን ምክንያት ነበረው።

ሽባባው ይባላል፤ ፎቶ አንሺ ነው። ከደብረ ማርቆስ መጥቶ ዳንግላ ከገባ ሁለት ዓመቱ ነበር። በገበያ ቀን እኔና አክስቴ ካሳነሽ ነጭ ሽንኩርት ከምንሸጥበት ቦታ አጠገብ የእንጨት ሳጥኑን ያቆማል። ሳጥኑ ከፊቱ አንድ ዓይን አለው፤ ከኋላው ጥቁር ጨርቅ ተንጠልጥሎበታል፤ ከሥሩ ሦስት ረጃጅም የእንጨት እግሮች አሉት። ሽባባው ጭንቅላቱን ጨርቁ ውስጥ ከትቶ እጁን ብቻ ያወጣና፣ «ትንሽ ወደ ኋላ፣ ወደ ግራ፣ እዚያው ቁም፣ አትተንፍስ» ይላል። ከዚያ እስከ አራት ይቆጥራል። አራት እስኪሞላ ሳጥኑ ከተነቃነቀ ፎቶው ይበላሻል። ሦስቱ እግሮች የሚያስፈልጉት ለዚህ ነበር። በእጅ የሚያዝ ዕቃ አይደለም።

ሽባባው ወሬ አያበዛም። አንድ ቀን ሽንኩርት ሊገዛ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«ማናለብሽ፣ ከጥምቀት በኋላ አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ ብልክ ምን ይሉኛል?»

«ሥራው ምንድን ነው ይላሉ» አልኩት።

«ሥራዬ ያውና ቆሟል» ብሎ ሳጥኑን አሳየኝ። ሽንኩርቱን ሳይገዛ ሄደ።

እንግዲህ ሳጥኑ ገበያው ላይ ከቆመ ሽባባው ዳንግላ ይኖራል፣ ዳንግላ ከኖረ እኔ እዳርለታለሁ። ነገሩ ይኸው ነበር።

አባቴ አየነው ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ ርቀው ርስታቸውን የሚያርሱ ሰው ነበሩ። አፋቸውን የፈቱት በአገውኛ ነው። አማርኛም ያውቃሉ፤ ግን አማርኛ ሲሰሙ እያንዳንዷን ቃል እንዳለች ነው የሚይዟት። ያን ሰሞን መሬት ሊለካ ነው የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር። አባቴ ደግሞ ከዓመታት በፊት የመኪናው መንገድ ሲቀየስ አይተዋል። ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ያቆመ ሰው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ወደ ኋላ፣ ወደ ግራ፣ እዚያው ቁም» ይል ነበር አሉ። በኋላ ያ ሰው ያየበት ሁሉ መንገድ ሆነ። የአጎቴ የግጦሽ መሬትም አብሮ ሄደ።

ታዲያ በኅዳር ገበያ ወርደው ሽባባውን ሥራ ላይ አገኙት። ከጨርቁ ሥር እጁን ሲያወዛውዝ ብዙ ጊዜ አዩትና አክስቴን ጠየቋት።

«ይህ ሰው ምን ያደርጋል?»

«ፎቶ ያነሳል።»

«ምን ያነሳል?»

«ሰው ነዋ።»

«ሰው የታለ ያነሳው? ሰውየው እዚያው እንደቆመ ነው።» ከሰውየው ጀርባ አሻግረው ተመለከቱ። ማሳ ነበር። «መሬቱን ነው የሚያነሳው።»

አክስቴ ሳቀች። አባቴ አልሳቁም። በሳምንቱ አሥራ አንድ ገበሬ አስከትለው ከከተማው ሹም ደጅ አቤቱታ አቀረቡ።

ሹሙ በዚያ ሰሞን ከገበሬ ጋር ጣጣ አይፈልጉም። ትእዛዝ ጻፉ፤ ገበያ መካከል ተነበበ። ማንኛውንም ባለ ሦስት እግር ዕቃ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ ማቆም ክልክል ነው ይላል። የሚያስፈጽመው ፖሊሱ አስማረ ነው። አስማረ የተጻፈ ነገር ያከብራል። መጀመሪያ የሽባባውን እግሮች ወሰደ። ከዚያ ዞር ሲል የአክስቴን በርጩማ አየ።

«እትዬ ካሳነሽ፣ ይነሱ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«የተቀመጡበት ስንት እግር አለው?»

«ከእናቴ የወረስኩት ነው። ተቀመጥኩበት እንጂ ቆጥሬው አላውቅም።»

«ሦስት ነው።»

«ቤቴም ጉልቻ አለኝ፤ እሱም ሦስት ነው። ወጤን ላውጣና መጥተህ ውሰደው።»

አስማረ አሰበበት። «ጉልቻ እግር የለውም» አለና በርጩማውን ይዞ ሄደ።

ያን ቀን ሃያ ሰባት በርጩማ ፖሊስ ጣቢያ አደረ። ሴቱ ሁለት ሳምንት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። በኋላ ሹሙ ትእዛዙ መቀመጫን አይመለከትም ብለው አስመለሱ። ለሽባባውም እግሮቹ ተመለሱለት፤ ግን ገበያ ላይ ላያቆማቸው ፈርሞ ነው። ቤት ተከራይተህ እዚያ አንሳ ያሉት ነበሩ። ሳጥኑ የፀሐይ ብርሃን ይፈልጋል። በሰው ግቢ እንዳያነሳ ደግሞ ግቢውን የሚሰጠው ጠፋ፤ አባቴ ያሉት ነገር አገር ምድሩን አዳርሶ ነበር።

ሽባባው አልተከራከረም። እግሮቹን አናጢ ዘንድ ወስዶ አራተኛ አስጨመረ። በሚቀጥለው ገበያ ሳጥኑ በአራት እግር ቆመ። አስማረ መጥቶ ቆጠረ፤ በሌላው ጎን ዞሮ እንደገና ቆጠረ።

«አራት ነው» አለ ሽባባው።

አስማረ ተንበረከከና በአንዱ እግር ሥር ሰንበሌጥ አሾለከ። ሰንበሌጡ በወዲያ በኩል ወጣ። የገበያው ሜዳ ደልዳላ አይደለም።

«ይሄኛው መሬት አልነካም። የቆመው በሦስት ነው።»

ሽባባው ጠጠር ፈልጎ ሸጎጠለት። ያን ጊዜ ሌላው እግር ብድግ አለ። አስማረ ሰንበሌጡን በዚያኛው በኩል አሾለከ። ሁለቱ እንዲህ ተንበርክከው እስከ እኩለ ቀን ቆዩ። አንድ ባላገር ጎንበስ ብሎ፣ «የጠፋባችሁ ነገር አለ ወይ?» ብሎ ጠየቃቸው።

ቀጥሎ ሽባባው ሳጥኑን ጋሪ ላይ ጭኖ ሞከረ። ፈረሱ እስከ አራት አይታገስም። ያን ቀን የተነሳ ሰው ሁሉ ሁለት አፍንጫ ወጣለት።

ጥምቀት አለፈ። ሽባባው እንዳለው ሽማግሌ ላከ። የሚናገሩት አቶ በዛብህ ነበሩ። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ።

«አያ አየነው፣ ልጁ ጨዋ ነው። የእጅ ሙያም አለው።»

«ሙያውን ከልክለውታል።»

«የከለከሉት እኮ እርስዎ ስለከሰሱ ነው። እርስዎ ከተዉ እኛም እንተዋለን ብለውናል ሹሙ።»

 ጎረቤት እንጨት የሚፈልጥ ሰው ነበር፤ ፈልጦ ጨረሰ።

«መሣሪያውን እዚህ ያምጣውና ውስጡን ልየው» አሉ አባቴ በመጨረሻ። «መሬቴ ከሌለበት አቤቱታዬን አነሳለሁ። ልጄንም እሰጠዋለሁ።»

በማግስቱ ሽባባው ሳጥኑን ተሸክሞ ከሽማግሌዎቹ ጋር መጣ። የገዛ ግቢያችን ስለሆነ አራተኛውን እግር ፈታው። እኔን ከማሳው ፊት አቆመኝ። «ይግቡና ይዩ» አላቸው። አባቴ ጨርቁ ውስጥ ገቡ።

በዚያ ሳጥን የሚታይ ነገር ሁሉ ተገልብጦ ነው የሚታየው፤ ሰማዩ ከታች፣ ምድሩ ከላይ። ሽባባው ስንት ዓመት ሲያየው ስለኖረ ለሰው መንገር እንዳለበት አልታወሰውም።

አባቴ ቆዩ። እኔ አልተነፈስኩም። ወጥተው ማሳቸውን በዓይናቸው ካረጋገጡ በኋላ ተናገሩ።

«ልጄ በጭንቅላቷ ቆማለች። ማሳዬ ከላይዋ ነው።»

«ሲታጠብ ይቃናል፣ አባቴ» አለ ሽባባው።

«ማን ያቃናዋል?»

«እኔ።»

«አንተ ስትፈልግ ነዋ።»

«የሚገለብጠው መስታወቱ ነው። ማሳዎን ማንም አልነካውም።»

«ሳትነካው ነው እንዲህ የገለበጥከው?» አሉ አባቴ።

ሽማግሌዎቹም ተራ በተራ ገብተው አዩ። አቶ በዛብህ ከጨርቁ ወጥተው ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ «እውነታቸውን ነው፤ ተገልብጧል» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ እኔ የተነሳ ነገር የለም።

ሽባባው የካቲት ላይ ወደ ጫግኒ ወረደ። ሊሰናበተን ገበያ መጥቶ ነበር። አክስቴ፣ «ቆላው ይስማማሃል?» አለችው። «ትእዛዙ እዚያ አልደረሰም ይላሉ» አላት። ወደ እኔ ዞሮ ደኅና ሁኚ አለኝ። አብሬህ ልሂድ ብዬ አልጠየቅኩም፤ እሱም ነይ አላለኝም። ብጠይቀው ኖሮ እያልኩ የማስብበት ቀን አለ።

በ1961 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ደርበው የሚባል የእህል ነጋዴ ሽባባውን ጫግኒ አይቼዋለሁ አለኝ። ከእህል በረንዳው ጀርባ፣ ቆርቆሮ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያየው ሰው አላገኘሁም።